የጉሮሮ ካንሰርና የሚያልቀው ጡንቻ

ጋይንት የዜማ አገር ነው። የድጓ መምህር መሆን የሚሻ ደቀ መዝሙር የትም ተምሮ ቢመጣ ምስክርነቱን የሚያገኘው ከጋይንቷ ቤተልሔም ነው። ዝማሬና መዋሥዕት ሲነሣም ዙር አምባ አብራ ትነሣለች። እንዲህ ባለ አገር የአንድ ሰው ድምፅ ሲሻክር ምክንያቱ ከሩቅ አይፈለግም። «ማሕሌት ቆመው አድረው ነው»፣ «ብርድ መቷቸው ነው»፣ «የጉና ንፋስ ነው» ይባላል። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው፤ በሳምንት በሁለት ሳምንት ድምፁ ይመለሳል።

የሚያሳስበው ሳይመለስ የሚቀረው ነው። ሦስት ሳምንት ያለፈው የድምፅ መሻከር፣ ሦስት ሳምንት ሆኖት ያልዳነ የአፍ ወይም የምላስ ቁስል፣ አንገት ላይ ወጥቶ የማይከስም እብጠት፣ በአንድ ወገን ብቻ እየተደፈነ የሚደማ አፍንጫ፣ ሲውጡ ወደ ጆሮ የሚወጋ ሕመም ካለ ሐኪም ሊያየው ይገባል። በአፍ፣ በምላስ፣ በጉሮሮ፣ በማንቁርት፣ በአፍንጫና ከአፍንጫ ጀርባ ባለው ክፍል የሚነሡትን ካንሰሮች ሐኪሞች በአንድ ላይ «የራስና የአንገት ካንሰር» ይሏቸዋል። ትምባሆና አልኮል ዋነኞቹ መንስኤዎች ናቸው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ አንዱ የሌላውን ጉዳት ያበዛዋል። አንዳንዶቹን ቫይረሶች ያመጧቸዋል። ስለዚህ አረቄም ትምባሆም ያልቀመሰ ሰው «እኔን አይነካኝም» ማለት አይችልም።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ግን ቤተሰብ ብዙም በማያስተውለው በሌላ ነገር ላይ ነው። ዕጢው ሲያድግ ከሰውነት የሚያልቅ ነገር አለ፤ እሱም ጡንቻ ነው። የጡንቻው ነገር ሕመምተኛው ሕክምናውን ሳያቋርጥ ለመጨረስና ከዚያም በኋላ በሕይወት ለመቆየት ያለው ዕድል ላይ ትልቅ ቦታ አለው። የሚያልቀው ደግሞ ሆስፒታል ከተገባ በኋላ ብቻ አይደለም። በአብዛኛው ማለቅ የሚጀምረው ቤት ውስጥ፣ ገና «እስቲ ትንሽ እንየው» እየተባለ ነው።

ሚዛን የማይለየው

እኛ ዘንድ ጤና የሚለካው በፊት ሙላት ነው። ዘመድ ከዘመድ ሲገናኝ «ወፈርክ» መባባሉ ምርቃት ነው፤ «ከሳህ» ማለት ግን ሐዘኔታ ነው። ይህ አነጋገር አንድ ነገር ይሸፍናል። ሰውነት ጡንቻም፣ ስብም፣ አጥንትም፣ ውኃም አለበት። ሚዛን ሁሉንም ደምሮ አንድ ቁጥር ይሰጣል እንጂ የቱ እንደቀነሰ አይነግረንም። ሁለት 60 ኪሎ የሚመዝኑ ሰዎች ቢኖሩ አንዱ ጡንቻው የጠነከረ፣ ሌላው ጡንቻው አልቆ ስብ የቀረው ሊሆን ይችላል። ሞላ ያሉ እናት ሲታመሙ ጡንቻቸው ከስቡ ሥር እያለቀ ቤተሰቡ «ደህና ናቸው፣ አልከሱም» እያለ ይጽናናል።

እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካዊው የሥነ ምግብ ተመራማሪ ኧርዊን ሮዘንበርግ በዕድሜ ምክንያት ለሚመጣው የጡንቻ ማለቅ ከግሪክኛ ቃል አውጥተው «ሳርኮፔኒያ» የሚል ስም ሰጡት፤ ትርጉሙ የሥጋ ድህነት እንደማለት ነው። ቆይቶ የካንሰር ሐኪሞችም ቃሉን ወሰዱት። ለራጅ ምርመራ የተነሣውን ሲቲ ስካን መልሰው እያዩ፣ በሦስተኛው የወገብ አከርካሪ አጥንት ትይዩ ያለውን የጡንቻ ስፋት መለካት ጀመሩ። የአንገት ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የሚነሣው አንገቱን ብቻ ስለሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በሦስተኛው የአንገት አከርካሪ አጥንት ላይም መለካት እንደሚቻል አሳዩ።

በዚያው ዓመት ሂዩስተን ከሚገኘው ኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል የወጣ ጥናት የራስና የአንገት ካንሰር ይዟቸው ጨረር የታከሙ 190 ሰዎችን ተመለከተ። ጡንቻቸው ያነሰባቸው ሕመምተኞች በሕይወት የቆዩት ለአጭር ጊዜ ነበር። ክብደታቸው ቢቀንስም ጡንቻቸው ያልተነካባቸው ግን ከሌሎቹ የከፋ ውጤት አልታየባቸውም። ከዚያ ቀደም፣ እ.ኤ.አ. በ2013፣ በካናዳዋ አልበርታ የሳንባ እና የሆድ ዕቃ ካንሰር ባለባቸው 1,473 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናትም ወደዚያው ያመለክት ነበር። ክብደት የቀነሱ፣ ጡንቻቸው ያነሰና የጡንቻቸው ጥራት የወረደ ሰዎች ወፍራምም ሆኑ ቀጭን በሕይወት የቆዩት በአማካይ 8.4 ወር ነበር። ሦስቱም ችግር ያልነበረባቸው ግን 28.4 ወር ቆይተዋል።

ጡንቻ ለምን ይህን ያህል ይፈለጋል?

የመጀመሪያው ምክንያት የሕክምናው ርዝመት ነው። ለመዳን ተብሎ የሚሰጥ የጨረር ሕክምና ከ6 እስከ 7 ሳምንት፣ በሳምንት 5 ቀን ይወስዳል። በሦስተኛው ሳምንት ገደማ አፍ ይቆስላል፣ ምራቅ ይደርቃል፣ ጣዕም ይጠፋል፣ ምራቅን መዋጥ እንኳ ያቃጥላል። አቅም ያጣ ሰው በዚህ መሀል ያቋርጣል። ማቋረጥ ደግሞ ዋጋ አለው፤ የጨረሩ ጊዜ ከታቀደው በላይ በተራዘመ ቁጥር ዕጢውን የመቆጣጠር ዕድል በየቀኑ 1 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ በራስና በአንገት ካንሰር ላይ የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል። አንድ ሳምንት አገር ቤት ደርሶ መመለስ ቀላል ነገር ይመስላል፤ አይደለም።

ሁለተኛው መድኃኒቱ ነው። ከጨረር ጋር እንደ ሲስፕላቲን ያለ የኬሞቴራፒ መድኃኒት ሲሰጥ መጠኑ የሚሰላው በቁመትና በክብደት ነው። ጡንቻው ያለቀ፣ ስቡ የቀረ ሰው በሚዛን ላይ እንደ ጠንካራ ሰው ስለሚታይ መድኃኒቱ ለሰውነቱ ይበዛበታል። የማስታወክ፣ የኩላሊትና የደም ሴል ጉዳት ይበረታል፤ ሕክምናውም ይስተጓጎላል።

ሦስተኛው ደግሞ መዋጥ፣ ማሳልና መተንፈስ ራሳቸው የጡንቻ ሥራ መሆናቸው ነው። የደከመ ጉሮሮ ምግብን ወደ ሳንባ ያሳልፋል። አቅም የሌለው ሳል ያንን አያወጣውም። ከዚያ የሳንባ ምች ይከተላል።

ይህ ካንሰር ከሌሎቹ ይልቅ ጡንቻን የሚጨርሰው መብያውን በር ስለሚዘጋ ነው። ነገር ግን ረሃብ ብቻውን አይደለም። ካንሰር በሰውነት ውስጥ የማያባራ ብግነት ያስነሣል፤ ይህም የምግብ ፍላጎትን እየዘጋ ጡንቻ እንዲፈርስ ያዛል። ጤነኛ ሰው ሲራብ ሰውነቱ ጡንቻውን በቁጠባ ይይዛል፤ በካንሰር የታመመው ግን ያን ቁጠባ ያጣል። ለዚህ ነው «ሲድን ይወፍራል፣ ያኔ እንመግበዋለን» የሚለው ሐሳብ የሚያሳስተው። ያለቀውን ከመመለስ ያለውን መጠበቅ ብዙ ይቀላል።

ከወገዳ እስከ ጨረር ክፍል

ስማዳ፣ ታች ጋይንትና ላይ ጋይንት ምግብ በየዓመቱ የማይበቃቸው ቤተሰቦች የበዙባቸው፣ የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. አንሥቶ ስማቸው የሚነሣ ወረዳዎች ናቸው። በእስቴም ቢሆን የጉና ተዳፋት መሬቱ የተራቆተ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው የሚራቆትበት ወቅት ነው። እንግዲህ አንድ የ65 ዓመት አባት በደህናው ጊዜም 50 ኪሎ የሚመዝኑ ከሆነ፣ ሊያጡት የሚችሉት ትርፍ ጡንቻ የላቸውም። የሌላ አገር ሕመምተኛ 10 ኪሎ ቀንሶ የሚተርፍበትን ሁኔታ እሳቸው አይችሉትም።

በዚህ ላይ መንገዱ አለ። ከወገዳ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከነፋስ መውጫ ወይም ከመካነ ኢየሱስ የተነሣ ሕመምተኛ ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳው ሆስፒታል፣ ከዚያ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ይላካል። ከእብጠቱ ናሙና ይወሰዳል፤ ውጤት ይጠበቃል፤ ሲቲ ስካን ይታዘዛል። ጨረር ካስፈለገ ሌላ ወረፋ አለ። የጨረር ሕክምና በአገራችን የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ገደማ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሲሆን፣ ከሃያ ዓመት በላይ መላው ኢትዮጵያ የታከመው በዚያው በአንድ ቦታ ነበር። ከዚያ በኋላ ጅማን የመሰሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ማሽን ማግኘታቸው ሸክሙን ማቃለል ጀምሯል፤ ይሁን እንጂ ወረፋ የቀረ ነገር አይደለም። የጸጥታው ሁኔታ መንገድ በዘጋባቸው ጊዜያት ደግሞ ጥበቃው በቀን ሳይሆን በወር ይቆጠራል።

እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ ትንተና የካንሰር ሕክምና በእያንዳንዱ አራት ሳምንት በዘገየ ቁጥር የመሞት አደጋ እንደሚጨምር አሳይቷል፤ ከተካተቱት ካንሰሮች አንዱ የራስና የአንገት ነው። ቤተሰብ ማሽኑን ሊያፋጥነው አይችልም፤ ወረፋውንም አያሳጥረውም። በእነዚያ ሳምንታት ሕመምተኛው ምን እንደሚበላና ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ግን በቤተሰብ እጅ ነው። የመጠበቂያው ጊዜ የባከነ ጊዜ እንዳይሆን ማድረግ የሚቻለውም በዚህ ነው።

በቤት የሚደረግ ልኬት

ሲቲ ስካን ቤት ውስጥ የለም፤ ሚዛንና ሜትር ግን አይጠፋም። ጤና ጣቢያው ሩቅ ከሆነ እህል የሚመዘንበት የወፍጮ ቤት ሚዛንም ይሠራል። ዋናው በአንድ ሚዛን፣ በተመሳሳይ ልብስ፣ በሳምንት አንድ ቀን መመዘንና ቁጥሩን በቀን መጻፍ ነው። የዓለም የካንሰር ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2011 በተስማሙበት መለኪያ፣ ሳይፈልጉት በስድስት ወር ውስጥ ከክብደት 5 በመቶ በላይ መቀነስ የአደጋ ምልክት ነው። 60 ኪሎ ለነበረ ሰው 3 ኪሎ፣ 50 ኪሎ ለነበረ 2 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። አስቀድሞ ቀጭን ለነበረ ሰው ደግሞ 2 በመቶ መቀነስ ብቻ ይበቃል፤ ይህም ለ50 ኪሎ ሰው አንድ ኪሎ ነው። ቀበቶው አዲስ ቀዳዳ ካስፈለገው፣ ቀለበቱ ከጣት ከወለቀ ሚዛንም ሳይመጣ ነገሩ ታውቋል።

ሁለተኛው ልኬት ባት ነው። በልብስ ሰፊ ሜትር የባቱን ወፍራም ቦታ ዙሪያ ይለኩ፤ ቆዳው ሳይጨመቅ፣ ሁልጊዜ በአንዱ እግር። ለአረጋውያን በብዙ ቦታ የሚሠራበት መነሻ 31 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ ካነሰ ጡንቻ እንዳነሰ ይጠረጠራል። ከአንዱ ቁጥር ይበልጥ የሚጠቅመው ግን በየሁለት ሳምንቱ እየቀነሰ መሄድ አለመሄዱ ነው። እግር ያበጠ ከሆነ ይህ ልኬት ያሳስታል።

ሦስተኛው ጉልበት ነው። ሕመምተኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው፣ አምስት ጊዜ ተነሥተው ይቀመጡ። ከ15 ሰከንድ በላይ ከወሰደባቸው የጡንቻ ጉልበት መድከሙን ያሳያል። አንድ ሰው አጠገባቸው ይቁም፤ እንዳይወድቁ።

እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በአንድ ደብተር ጽፎ ከሪፈር ወረቀቱና ከጤና መድን ደብተሩ ጋር ይዞ መሄድ ይጠቅማል። ሐኪሙ በወረፋ መሀል «መቼ ጀመረው? ስንት ቀነሰ?» ሲል፣ «በጣም ከስቷል» ከሚለው መልስ «በሁለት ወር ከ54 ወደ 50 ወርዷል» የሚለው ይበልጣል።

ምን ይብሉ?

የአውሮፓ የሥነ ምግብ ሕክምና ማኅበር መመሪያ ለካንሰር ሕመምተኛ በቀን በአንድ ኪሎ ክብደት ከ25 እስከ 30 ካሎሪ፣ ፕሮቲን ደግሞ ከ1 ግራም በላይ፣ ቢቻል እስከ 1.5 ግራም እንዲሰጥ ይመክራል። ለ50 ኪሎ ሰው በቀን ከ1,250 እስከ 1,500 ካሎሪና ከ50 እስከ 75 ግራም ፕሮቲን ማለት ነው። ኩላሊት የታመመ ካለ መጠኑን ሐኪም ይወስን።

ቁጥሩ ያስፈራል እንጂ ምግቡ ከጓዳችን አይርቅም። ሦስት እንቁላል 16 ግራም ገደማ፣ ሦስት ብርጭቆ ወተት 24 ግራም፣ በ60 ግራም ዱቄት የተሠራ ሽሮ 13 ግራም ያህል፣ በ50 ግራም ደረቅ ምስር የተሠራ ሾርባ 12 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣሉ። ድምሩ 65 ግራም ነው። ኃይሉን የሚጨምረው ቅቤና ዘይት ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ከ100 ካሎሪ በላይ አለው። አጥሚትን በውኃ ብቻ ከማቅጠን በወተት መሥራት፣ በላዩ ቅቤ ጣል ማድረግ፣ ሽሮውን ወፈር አድርጎ ዘይት መጨመር፣ እንቁላሉን በደንብ አብስሎ ከሾርባ ጋር መፍጨት ይቻላል። ወተቱ ሳይፈላ አይሰጥ፤ ኬሞቴራፒ የጀመረ ሰው ተስቦና የከብት በሽታ ይበረታበታል።

የቆሰለ ጉሮሮ በርበሬ፣ ሎሚ፣ ትኩስ ነገርና ደረቅ ቆሎ አይችልም። ወጡ አልጫ ይሁን፤ እንጀራው በመረቅ ርሶ ይፈትፈት፤ ምግቡ ለብ ያለ ይሁን። አፍ በጨውና በሶዳ ውኃ ቀስ ብሎ ከምግብ በፊትና በኋላ ይታጠብ። ሐኪሙ ያዘዘው ማስታገሻ ካለ ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ቢወሰድ መዋጡ ይቀላል። በአንድ ጊዜ ትሪ ሙሉ ማቅረብ ያስጨንቃል፤ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ በስኒና በትንሽ ሳህን ማቅረብ ይሻላል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። አምስት ቀንና ከዚያ በላይ እህል ያልቀመሰ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ ቢሰጠው የደሙ ማዕድናት ተዛብተው ልቡ ሊጎዳ ይችላል። እንዲህ ያለውን በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ነው መመገብ።

ጾሙና ጠበሉ

የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ወደ ስምንት ሳምንት ይጠጋል። ሙሉው የጨረር ሕክምና በዚያ ውስጥ ተጀምሮ ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው። ምእመናን በዓመት የሚጾሟቸው ቀናት ደግሞ 180 ያህል ናቸው። ልጅነታቸውን ሁሉ ጾመው ያደጉ አባት ወይም እናት በሕመማቸው ጊዜ፣ ያውም ወደ ፈጣሪ ይበልጥ በሚጠጉበት ሰዓት፣ «ወተት ጠጡ» ሲባሉ መከፋታቸው አያስገርምም። ልጆች በዚህ ከወላጆቻቸው ጋር እልህ ባይጋቡ መልካም ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ያወጣል፤ ቃሉ ሊመጣ የሚገባው ግን ከልጅ አፍ ሳይሆን ከንስሐ አባት ነው። ስለዚህ ጨረሩ ከመጀመሩ በፊት የንስሐ አባትን ቤት ጠርቶ፣ ሕክምናው ስንት ሳምንት እንደሚፈጅና ምግቡ ለምን እንደሚያስፈልግ አስረድቶ ፈቃድ መቀበል የሕክምናው አንድ ክፍል ነው። በእስልምናም ቁርኣን በረመዳን ሕመምተኛ እንዳይጾም ፈቅዶለታል፤ ኢማሙን ማማከር ተመሳሳይ ዕረፍት ይሰጣል።

ፈቃድ አግኝተውም «አልገድፍም» ያሉ እንደሆነ፣ ከወተቱ ይልቅ ሰዓቱ ላይ መነጋገር ይሻላል። በትንሽ በትንሹ ብቻ መዋጥ የሚችል ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆዱን ከዋለ፣ የቀሩት ሰዓታት የሚያስፈልገውን ለማስገባት አይበቁትም። በጾም ምግብም ቢሆን ከጠዋት ከጀመሩ ብዙ ይቻላል። ሽሮ፣ ምስር፣ የባቄላና የአተር ክክ፣ የተፈጨ ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ በሶ በስኳርና በዘይት፣ ከተገኘም የአኩሪ አተር ዱቄት በአጥሚት ውስጥ ተደምረው 60 ግራም ፕሮቲን ሊጠጉ ይችላሉ።

ጠበልም እንዲሁ ነው። ጠበልና ሕክምና አብረው ይሄዳሉ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የሚጎዳው ማኘክና መዋጥ ያቃተው ሰው በቆሎና በውኃ ብቻ ሳምንታት ጠበል ቦታ ሲቆይ ነው። ጠበሉን ይጠመቁ፤ አጥሚቱም ይከተላቸው፤ የሆስፒታል ቀጠሮውም አይለፍ።

አልጋ ጡንቻ ይጨርሳል

ለታመመ ሽማግሌ ያለን ፍቅር «ይረፉ፣ አይነሡ» በሚል ይገለጣል። አልጋ ላይ የዋለ ጡንቻ ግን በቀናት ውስጥ መቅጠን ይጀምራል፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ላይ ደግሞ ይፈጥናል። ፕሮቲን ጡንቻ የሚሆነው ጡንቻው ሲሠራ ነው። በዴንማርክ የራስና የአንገት ካንሰር ታክመው በጨረሱ ሰዎች ላይ የተሠሩ ሙከራዎች ክብደት የማንሣት ልምምድ የጠፋውን ጡንቻ ለመመለስ እንደሚረዳ አሳይተዋል። ለእኛ አያቶች ጂም አያስፈልጋቸውም። በቀን ሁለት ጊዜ ከወንበር እየተነሡ ስምንት አሥር ጊዜ መቀመጥ፣ በሁለት ሊትር ጀሪካን ውኃ ክንድን ማንሣትና ማውረድ፣ እስከ ደጀ ሰላም ደርሶ መመለስ ይበቃል። ትኩሳት፣ የደረት ሕመም፣ ማዞር ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ ይቁም፤ ለሐኪምም ይነገር።

ጉሮሮም ጡንቻ ነው። ከኤምዲ አንደርሰን ማዕከል የወጣ ሌላ ጥናት፣ በጨረር ጊዜ በአፋቸው መብላት ያላቋረጡና የመዋጥ ልምምድ ያደረጉ ሰዎች በኋላ የተሻለ እንደሚውጡ አሳይቷል። ሳያንቃቸውና ሐኪም ሳይከለክላቸው እስከቻሉ ድረስ ሁለት ጉርሻም ብትሆን በአፍ ይዋጡ።

ቱቦ ሲታዘዝ

በአፍንጫ የሚገባ ወይም በሆድ ግድግዳ የሚቀመጥ የመመገቢያ ቱቦ ሲታዘዝ ብዙ ቤተሰብ «እንግዲህ አለቀ» ብሎ ያለቅሳል፤ አንዳንዱም እምቢ ብሎ ይመለሳል። በራስና በአንገት ካንሰር ግን ቱቦ ብዙ ጊዜ የመሸጋገሪያ ድልድይ ነው፤ ጉሮሮው በቆሰለባቸው ሳምንታት ሕመምተኛው ጡንቻውን ሳይጨርስ ሕክምናውን እንዲጨርስ ያደርገዋል። ቁስሉ ሲሽር ይወጣል። በቱቦ የሚገባው በደንብ የላመና የተጠለለ ይሁን፤ ሕመምተኛው ተንጋለው ሳይሆን ከወገባቸው ቀና ብለው ይመገቡ፤ ከምግብ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ቀና ብለው ይቆዩ። ቱቦው በንጹሕ ውኃ ይታጠብ።

ለጨረር አዲስ አበባ የሚመጡ ቤተሰቦች ማረፊያና ምግብ ከወዲሁ ቢያስቡ ይጠቅማቸዋል። የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪ ሲበዛ መጀመሪያ የሚቀነሰው የሕመምተኛው እንቁላልና ወተት ነውና። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ አገር ለሚመጡ ችግረኛ ሕመምተኞች ማረፊያ በመስጠት ይታወቃል፤ ከመነሣታቸው በፊት ደውለው ቢጠይቁ መልካም ነው።

ከምግብ ምን ይጠበቃል?

ጡንቻ ያነሰባቸው ሰዎች ቶሎ መሞታቸው በብዙ አገር የታየ ነገር ነው። ይህ ማለት ግን ጡንቻ የጨመረ ሁሉ ይድናል ማለት አይደለም። የጡንቻ ማለቅ አንዳንዴ ዕጢው የከፋ መሆኑን የሚያሳይ ምልክትም ነው። ምግብም የቀዶ ሕክምናና የጨረር ምትክ አይሆንም። በጥሩ ሁኔታ የታየው ሌላ ነው። በአውስትራሊያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ሙከራ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ በቅርብ የተከታተላቸው የራስና የአንገት ካንሰር ሕመምተኞች ክብደት የቀነሱት ባነሰ መጠን ነው፤ ሕክምናቸው የተቋረጠውም አነስተኛ ጊዜ ነው፤ የመንፈስ ጭንቀታቸውም ቀሎ ታይቷል። ማንኪያና ደብተር ይዞ ከአልጋው ጎን የሚቀመጥ ሰው ሥራው ከንቱ አይደለም ማለት ነው።

ካንሰሩ ሊድን የማይችልበት ደረጃ ላይ ደርሶ ከሆነም ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በዚያን ጊዜ ሰውነት የገባለትን ምግብ ጡንቻ ማድረግ ያቅተዋል። አፍ ከፍቶ ማጉረስ፣ «ለእኔ ብለህ አንድ ጉርሻ» እያሉ ማስጨነቅ ዕድሜ አይጨምርም፤ በሁለቱም ወገን ሐዘን ይተዋል። የወደዱትን ያህል ይቅመሱ፤ ከንፈራቸው ይረጥብ፤ ሕመማቸው ይታገሥ። አልበሉም ማለት ልጆቻቸው አልጦሯቸውም ማለት አይደለም።

ብዙው ሰው ግን እዚያ ደረጃ ከመድረሱ በፊት ጊዜ አለው፤ ያ ጊዜ የሚጀምረውም ድምፁ ሳይመለስ በቀረበት ሳምንት ነው። ቤት ውስጥ ድምፃቸው ከሻከረ ሦስት ሳምንት ያለፋቸው አያት ካሉ፣ ነገ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው፤ እዚያ ሲደርሱም ሚዛን ላይ ያውጧቸውና ቁጥሩን በደብተር ይጻፉ።